እርጥብ ሣር በቴሌቪዥን መስኮት

በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩ የጋሞ ተወላጆች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሽመና የሚተዳደሩ ሰዎች፣ መገደላቸውና መፈናቀላቸው አርባ ምንጭ በተሰማ ጊዜ፣ የከተማይቱ ወጣቶች በኀዘንና በቁጣ ተነሣሥተው ብድራቸውን በመካከላቸው በሚኖሩት የኦሮሞ ተወላጆች ላይ ሊመልሱ አደባባይ መውጣታቸውን፣ በዚያው ሰዓት የጋሞ ሽማግሎች የባህል ልብሳቸውን እንደ ለበሱ፣ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ በሰልፉ ፊት ተንበርክከው መንገድ መዝጋታቸውን፣ ወጣቶቹም ያን ሣር አልፎ መሄድ ተስኗቸው መመለሳቸውን የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው።

ይህን ድርጊት አብዛኞቻችን ያወቅነው በቦታው ተገኝተን ሳይሆን በስልክ ተቀርጾ በማኅበራዊ መገናኛ የተሠራጨውን፣ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተቀብለው ደጋግመው ያሳዩትን አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል አይተን ነው። ሥዕሉ አገሩን ሁሉ ዞረ፤ ሽማግሎቹም ተመሰገኑ፤ ምስጋናውም የተገባ ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላወሳው የፈለግሁት ከምስጋናው ወዲያ ያለውን ነገር ነው። ያ ድርጊት እንደ ድርሰት የተቀነባበረ፣ መግቢያና ሐተታ ማሰሪያም ያለው ቃል ሆኖ ሳለ፣ መገናኛ ብዙኃን ለእኛ ያደረሱት ማሰሪያውን ብቻ ነው። ተንበርክከው አየናቸው፤ ሲናገሩ ግን አልሰማናቸውም። የቀረውን አካል ለመስማት ምን ዓይነት የካሜራ ጥበብ ያስፈልገን እንደ ነበር መጠየቅ የሚገባ ይመስለኛል።

በፊልምና በቪዲዮ ውስጥ ስላለው ሥነ ጽሑፋዊ ባሕርይ ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ያጌጠ ቃል ነው። ስለ አርባ ምንጭ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ሁሉ ማለት ይቻላል አጀማመሩ አንድ ነው፤ የአባያ ሐይቅ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ፣ የጫሞ ሰማያዊነት፣ በሁለቱ መካከል የተጋደመው የእግዜር ድልድይም ከአየር ላይ ይታያሉ፤ ከበስተኋላ ዋሽንት ይሰማል፤ በዋሽንቱም ላይ አንድ ወፍራም ድምፅ «ውብ»፣ «ማራኪ»፣ «ዕፁብ ድንቅ» የሚሉ ቅጽሎችን ያዘንባል። ይህ ሥነ ጽሑፍ አይደለም። ዓይን አይቶ የጨረሰውን ነገር ጆሮ እንደ ገና እንዲቀበለው ማስገደድ ነው፤ ቃሉ ከሥዕሉ ላይ አንዳች አይጨምርም፣ ሥዕሉም ከቃሉ ላይ አንዳች አይቀንስም። የቋንቋ ሥነ ጽሑፋዊ ባሕርይ ያለው በቅጽሎች ብዛት ሳይሆን በነገር አሰካክ ነው፤ የትኛው ቃል ቀድሞ የትኛው እንደሚዘገይ፣ ምን ተደግሞ ምን እንደሚታለፍ፣ ተናጋሪው የት ላይ ዝም ብሎ ሰሚው በምን እንደሚመልስለት በማወቅ ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ በጋሞ ደጋ ከካሜራ በፊት የኖረ ነው።

በጋሞ በየደሬው (በየአካባቢው ማኅበረሰብ) ዱቡሻ የሚባል የጉባኤ ሜዳ አለ፤ በዚያ ተሰብስቦ የሚመክረው ጉባኤ ዱላታ ይባላል። ነገር የሚከፈተው በቡራኬ ነው፤ ለምድሩ፣ ለከብቱ፣ ለልጁ፣ ለዝናቡ የሚለመነው ምርቃት በአጫጭር ሐረግ እየተከፋፈለ ይወርዳል፤ እያንዳንዱም ሐረግ የፊተኛውን መልክ ይዞ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ያደምጣል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ያደገ ሰው ካህኑ ሲያዜም ሕዝቡ በተሰጥዎ የሚመልስበትን ሥርዓት እያሰበ ቢመለከተው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያን ቁልቁል በሚያይ ዐለት ላይ የተቀመጠችው የኦቾሎ ጉባኤማ እስከ ባሕር ማዶ ዝናው የተሰማ ነው። ማርክ አቤሌስ የተባለው ፈረንሳዊ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ የኦቾሎን የፖለቲካ ሥርዓት በሰፊው ተረከ፤ የጥንት ግሪክን ታሪክ ያጠና የነበረው ማርሴል ደቲየን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በልዩ ልዩ አገሮች ሰዎች ተሰብስበው እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያነጻጽር መድበል ባዘጋጀ ጊዜ፣ ኦቾሎን ከግሪኮች ጎን አስቀመጣት። እኛ ኦቾሎን ለማየት የሚያልፍ ጎብኚ ስናጓጉዝ የነርሱ ሊቃውንት ለመስማት ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ በዚያ በመስከረም ቀን ሽማግሎቹ ሣር ይዘው በተንበረከኩ ጊዜ አዲስ ምልክት መፍጠራቸው አልነበረም። በጋሞ ወጋ (የአባቶች ሥርዓት) እርጥብ ሣር የሰላምና የልመና ቃል ነው፤ ወጋን መተላለፍ ደግሞ ጎሜ ያመጣል፤ ጎሜም የአጥፊውን ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡንና የምድሩንም ደኅንነት እንደሚያውክ የታመነ ነው። በቁጣ የመጣው ወጣት ሁሉ ይህን ከእናቱ ጉያ ጀምሮ ሰምቶታል። ስለዚህ ሽማግሌው ሣሩን ሲያነሣ አንድን ረጅም ንግግር፣ ወጣቱ በቃሉ የሚያውቀውን ንግግር፣ በመጨረሻው ሐረግ ብቻ ጠቀሰለት፤ ወጣቱም የቀረውን በልቡ ሞላው። ለባዕድ ዓይን ግን ሣር ሣር ነው። ካሜራው ጠቅሶ የሚናገረውን ሰው ቀረጸ፤ የተጠቀሰውን ነገር አልቀረጸም። እኔ ይህን የምለው ስልኩን አውጥቶ የቀረጸውን ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ እርሱማ በዚያ ሰዓት ያን ያህል ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው። ወቀሳዬ ሥዕሉ ከእጁ ከወጣ በኋላ በየጣቢያው በተሠራበት ሥራ ላይ ነው።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንመልከተው። አንድ የጋሞ አባት በቴሌቪዥን መስኮት ብቅ ብለው በገዛ ልሳናቸው መናገር ይጀምራሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ያህል ድምፃቸው ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ልክ ከሩቅ ክፍል እንደሚመጣ ሁሉ ዝቅ ይልና፣ በላዩ ላይ በአዲስ አበባ ስቱዲዮ የተቀረጸ የወጣት ድምፅ አማርኛውን ማንበብ ይጀምራል። አባቱ እጃቸውን ያነሣሉ፤ አንባቢው አያነሣም። አባቱ ዝም ይላሉ፤ አንባቢው የተሰጠው ወረቀት ስላላለቀ ይቀጥላል። አባቱ አንድን ሐረግ ሦስት ጊዜ ለውጠው ይደግማሉ፤ ተርጓሚው ድግግሞሹን ትርፍ ነገር አድርጎ ስለ ቈጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ይለዋል። በመጨረሻም ዘጋቢው ንግግሩን ሁሉ «ሲሉ ገልጸዋል» በምትል ማሰሪያ ይዘጋዋል። የመረቀውም «ገልጸዋል»፣ የገሠጸውም «ገልጸዋል»፣ እንባው የመጣበትም «ገልጸዋል» ነው፤ ጥቂት ጠንከር ሲል «አሳስበዋል» ይባላል። በዚህ ዓይነት የሚቀረው መረጃው ብቻ ነው፤ ከመረጃው በላይ የሆነው ነገር ሁሉ በወንፊቱ ላይ ይቀራል።

ይህ ብልሽት ደግሞ ከቋንቋዎቻችን ጠባይ የተነሣ የባሰ ይሆናል። ጋሞኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን አማርኛ ሴማዊ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ግሡን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያሳርፋሉ። ሽማግሌው ሰዎቹን፣ ቦታውን፣ ምክንያቱን፣ የአባቶችን ሥርዓት አንድ በአንድ እየደረደረ ሲመጣ ሰሚው ፍርዱ ወዴት እንደሚያዘነብል ገና አያውቅም፤ ልቡ በተንጠለጠለበት ሰዓት ግሡ ይመጣል፤ ነገሩም ያን ጊዜ ይታሰራል። በዚህ መጠባበቅ ውስጥ ያለው ኃይል ነው ተራውን ንግግር ወደ ድርሰት የሚያደርሰው። አቀናባሪው ግን የዜናው ርዝመት ሁለት ደቂቃ ተብሎ ስለ ተወሰነበት መቀሱን በሐረጉ መካከል ያሳርፋል። ጋሞኛ የማያውቅ ተመልካች ጉዳቱን አይሰማውም፤ የሚያውቀው ግን ግሡ ሳይመጣ ሥዕሉ ሲለወጥ ልክ በደረጃ ላይ የመጨረሻው እርከን እንደ ጎደለበት ሰው እግሩ ባዶ ይረግጣል። መድኃኒቱ ሩቅ አልነበረም። ድምፁን እንዳለ ትቶ አማርኛውን በግርጌ ጽሑፍ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የሁለቱም ቋንቋ ሥርዓት ግሥን የሚያዘገይ ስለ ሆነም፣ የጋሞኛው ግሥ በሚነገርበት ቅጽበት የአማርኛው ማሰሪያ ከግርጌ ብቅ ሊል ይችላል። እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ይህን ዕድል አያገኝም፤ እኛ አግኝተን አልተጠቀምንበትም።

መገናኛ ብዙኃን በጠባዩ የቋንቋ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። የኢትዮጵያ ሬዲዮ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ያስደመጠበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ይመስክር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልብ ወለድ ሥዕል በሌለበት፣ በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ማንበብ ወደማይችለውም ሰው ቤት ገባ። ወጋየሁ በረጅሙ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የት እንደሚተነፍስ ያውቅ ነበር፤ ማሰሪያውን ለመድረስ አይቸኩልም፤ የአንዱን ሰው ጠባይ ከሌላው የሚለየውም በጩኸት ሳይሆን በአተነፋፈስ ነበር። ያ ሥራ በአማርኛ የተሠራ በመሆኑ ለአማርኛ ትልቅ ሀብት ሆነ። በጋሞኛ የሚሠራጩ የሬዲዮ ዝግጅቶች በአርባ ምንጭ ይሰማሉ፤ ከጤናና ከግብርና ምክር ባሻገር ለዱቡሻው ንግግር እንዲህ ያለ ተራኪ ቢነሣላቸው እንዴት መልካም በሆነ!

የጋሞ ምድር ከጽሕፈት ጋር ያለው ትውውቅ የትናንት አለመሆኑንም በዚህ አጋጣሚ ማንሣት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1593 አካባቢ በግእዝ ታሪክ የጻፈው አባ ባሕርይ የጋሞ ካህን ነበረ። የእርሱ ድርሰት በዘመኑ ጦርነት ውስጥ ሆኖ የተጻፈ፣ በዚያ ዘመን ቁስልና ወገንተኝነት የተሞላ ነው፤ ቢሆንም ወገኖቹ የተሸነፉበትን ምክንያት ሲመረምር ማኅበረሰባቸውን በዐሥር ክፍል ከፍሎ፣ ከዐሥሩ የሚዋጋው አንዱ ብቻ መሆኑን እያንዳንዱን ክፍል በተራ እየጠራ ሲያስረዳ፣ የአቀራረቡ ሥርዓት ጉባኤ ላይ ቆሞ የሚሟገትን ሰው ያስታውሳል። ከእርሱ ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ደግሞ የተገላቢጦሹን እናገኛለን፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን አደባልቆ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ለማቆም ተሞክሮ ነበር። መጽሐፍ ታተመ፤ ሕዝቡ ግን ተቃወመው፤ ተቃውሞው በተለይ በወላይታ ደም እስከ ማፋሰስ ደረሰ፤ መጽሐፉም ተመለሰ። ማንም እናት ልጇን ያልመረቀችበት፣ ማንም አልቃሽ ያላለቀሰችበት ልሳን በቢሮ ሊፈጠር እንደማይችል ያን ጊዜ ታየ።

አሁን ወደ ቪዲዮ ጥበብ ልሻገር። ኮሪያዊው ናም ጁን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1963 በጀርመን አገር በቩፐርታል ከተማ ቴሌቪዥኖችን ሰብስቦ ሥዕላቸውን እያጣመመ ባሳየ ጊዜ የተጀመረው ይህ ጥበብ፣ ከሲኒማ የሚለየው ታሪክን ከመነሻ እስከ መድረሻ የመተረክ ግዴታ ስለሌለበት ነው፤ በዚህም ከልብ ወለድ ይልቅ ለቅኔ ይቀርባል። ኢራናዊቷ ሺሪን ነሻት እ.ኤ.አ. በ1998 በሠራችው ሥራ ሁለት ስክሪኖች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ በአንደኛው ወንዱ ወንዶች በሞሉበት አዳራሽ የታወቀ ባለቅኔ ግጥም ይዘፍናል፤ በሌላው ሴቲቱ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቃል የሌለበት ዜማ ታሰማለች። ተመልካቹ በመካከል ቆሞ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ማዞር ግድ ይሆንበታል። ተናጋሪና መላሽ፣ ቃልና ዝምታ፣ ሁለት ክንፍ ያለው ጉባኤ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በቬኒስ ቢየናሌ ተሸልማበታለች።

የእኛዎቹም በዚህ መንገድ ሩቅ ሄደዋል። የታሪክ ጸሐፊው የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅ የሆነው ቴዎ እሸቱ የአክሱም ሐውልት ከሮም መመለሱን ምክንያት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረበው ሥራ በዐሥራ አምስት ስክሪኖች የተከፋፈለ ነው። አከፋፈሉ የመጣው ከቤታችን ነው፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ደርድሮ፣ በየሥዕሉ ግርጌ አጭር ጽሑፍ ከሚያኖረው ከባህላዊው ሥዕላችን። ሳሌም መኩሪያም እ.ኤ.አ. በ2003 በቬኒስ ያሳየችው ሥራ ሦስት ስክሪን ጎን ለጎን ያቆመ ሲሆን፣ በሦስት ሰሌዳ የሚከፈተውን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያሳስባል። እነዚህን የማነሣው የቴክኒክ ብልኃታቸውን ለማድነቅ አይደለም፤ ምዕራባዊው ፊልም በመቀስ የሚለያየውን ነገር እነርሱ ጎን ለጎን አኑረው ተመልካቹ ራሱ እንዲያስተያየው ማድረጋቸው፣ ሦስት ጊዜ የተደገመውን ሐረግ ወደ አንድ ከሚያጥፈው የዜና ተርጓሚ ተቃራኒ ስለ ሆነ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለሕዝብ አፍ የቀረበው የዕዝራ ውቤ ሥራ ነው። «ሒሳብ» በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በሠራው አጭር ፊልም፣ ሁላችንም የምናውቃቸው ሦስት ተሳፋሪዎች፣ አህያ፣ ውሻና ፍየል፣ በሰማያዊና ነጭ ታክሲ ይሳፈራሉ። አህያ የሚገባውን ከፍላ ትወርዳለች፤ ውሻ ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል ይቀራል፤ ፍየል ሳትከፍል ታመልጣለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አህያ መኪና ሲመጣ ከመንገድ አትነሣም፣ ውሻ መልሴን እያለ ይከተላል፣ ፍየል ባየችው ቍጥር ትሸሻለች። ዕዝራ ይህን ቀልድ የሣለው በአንድ ሸራ ላይ ነው፤ አንዱን ሥዕል ካነሣ በኋላ በዚያው ላይ ሌላውን ይቀባል፤ የፊተኛው በኋለኛው ሥር ይሰወራል፤ ጥቂት ርዝራዡ ግን ይቀራል። ተረትም በአፍ ሲተላለፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ተራኪው ከእርሱ በፊት የተረከውን ሰው ድምፅ ይሸፍነዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። በፊልሙ ውስጥ ማብራሪያ የሚሰጥ ምሁር የለም፤ ያውም ደግ ሆነ።

ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 በመሠረተው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል ሥራዎቹ ከአዳራሽ ወጥተው በየአደባባዩ ለመንገደኛ ሁሉ እንዲታዩ ተደርጓል። እንዲህ ያለው መድረክ ለአርባ ምንጭ አቀማመጥ የተስማማ ይመስለኛል፤ ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ ሆና በሁለት የተከፈለች ከተማ ናትና፣ አንዱ ስክሪን እላይ ሌላው እታች ሆኖ አንዱ ሲናገር ሌላው ቢመልስ ማን ይከለክላል? በየዓመቱ የጋሞ በዓል የሆነው ዮ ማስቃላ ሲከበር የሚመጡት ካሜራዎች ጭፈራውን ቀርጸው ይመለሳሉ፤ ከጭፈራው በፊት የሚደረገውን ምርቃት ከመጀመሪያ እስከ ማሰሪያው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቈርጡ ቢቀርጹት፣ ለሁለቱ ስክሪኖች የሚበቃ ጽሑፍ በእጃቸው ይኖር ነበር።

አንድ ከባድ ፈተና ግን ይቀራል፤ እርሱም የነብሩ ነገር ነው። ፈረንሳዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ዳን ስፐርበር በጋሞ ደጋ በምትገኘው በዶርዜ ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሣውና ከዚያ ወዲህ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሲያከራክር የኖረ አንድ የዶርዜ አባባል አለ። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን አውሬ ነው፣ ጾምም ያከብራል ይላሉ፤ ይሁን እንጂ በጾም ቀን፣ በረቡዕና በዓርብም፣ ከብቶቻቸውን ከነብር መጠበቅ አይተዉም። ካሜራ ነብርን ሊያሳይ ይችላል፤ የሚጾም ነብርን ግን ከማይበላ ነብር ለይቶ ሊያሳይ አይችልም፤ ጾሙ የሚኖረው በቃል ውስጥ ብቻ ነውና። ያልተገራ አቀናባሪ ወይ ከማኅደር የነብር ሥዕል አምጥቶ ይለጥፍበታል፣ ወይ አስረጂ ጠርቶ ምሥጢሩን ያስፈታዋል። የተገራው ግን በረቡዕ ምሽት ገበሬው ከብቶቹን ወደ ቀርከሃ ቤቱ ሲያስገባ፣ አንድ በአንድ ሲቈጥር፣ በሩን ሲያጠብቅ እስከ መጨረሻው ይቀርጽና፣ በዚያው ሥዕል ላይ የዚያኑ ገበሬ ድምፅ፣ ነብር ጿሚ መሆኑን በርጋታ ሲናገር፣ በገዛ ልሳኑ ያሰማል። እጁ አንድ ነገር ይላል፣ አንደበቱ ሌላ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ይህን ሲያደርግ ከግርጌ በሚያሰፍረው ጽሑፍ ላይ «በአካባቢው እምነት መሠረት» የምትለዋን ሐረግ እንዳያስገባ ይጠንቀቅ፤ እርስዋ የገባች ዕለት ገበሬው ተላላ፣ ነብሩም ተራ አውሬ ሆኖ ያርፋል።